ዘንጉ የሚዞር የጋዝ ሰፌድ፤ የሄርኩለስ ኤክስ-1 የ35 ቀን ዑደት ምክንያት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአንዳንድ ጥንድ ከዋክብት ላይ የሚታየውን እንግዳ የጊዜ ዑደት ምክንያቱን ማስረዳት ነው። ሄርኩለስ ኤክስ-1 የተባለው ኮከብ የኤክስ ጨረሩን ለ10 ቀን ያህል በብርቱ ካሳየ በኋላ ይሰወራል፤ ሰንብቶም ለ5 ቀን ያህል በደካማው ይታይና እንደ ገና ይሰወራል። በ35ኛው ቀን ገደማ ይህንኑ ሥርዐት ከመጀመሪያው ይደግማል። ኮከቡ በ35 ቀን የሚፈጽመው ምሕዋር የለውም፤ በ35 ቀን አንድ ጊዜ የሚዞረውም ጓደኛ የለውም። ታዲያ ይህን ቀን የሚቈጥርለት ምንድን ነው?

ባጭሩ ሲነገር መልሱ «በኮከቡ ዙሪያ ያለው የጋዝ ዲስክ አዘንብሎ ዘንጉን ስለሚያዞር ነው» የሚል ነው። ይህን መልስ በቃል መያዝ አያስቸግርም። እኛ ግን መልሱ በምን ማስረጃ እንደ ተገኘ፥ በስሌት ሲመረመር ይጸና እንደ ሆነና ምን ያህሉ ገና እንደ ቀረ በየተራ ለማየት እንወዳለን። ነገሩ የሩቅ አገር ሊቃውንት ብቻ ጉዳይ ሳይሆን በጎጃም ደጋ ያለ ተማሪ ሊሠራበት የሚችል መሆኑንም በመጨረሻ እናሳያለን። ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ጥንዶቹና በመካከላቸው ያለው ሰፌድ

ፀሐያችን ብቻዋን ናት። በሰማይ ካሉት ከዋክብት ግን እጅግ ብዙዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ በሌላው ዙሪያ የሚዞሩ ናቸው። ከጥንዶቹ አንዱ ነዳጁን ጨርሶ በራሱ ክብደት ሲወድቅ እንደ ክብደቱ መጠን ከሦስት ነገሮች አንዱን ይሆናል፤ ይኸውም ነጭ ድንክ፥ ወይም ኒውትሮን ኮከብ፥ ወይም ጥቁር ጉድጓድ ነው። እነዚህ ሦስቱ የታመቁ አካላት ይባላሉ። ኒውትሮን ኮከብ ክብደቱ ከፀሐይ የሚበልጥ ሲሆን ስፋቱ ግን ዳር እስከ ዳር ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከፀሐይ የሚከብድ ነገር ከአንድ ወረዳ በማይሰፋ ቦታ ታጭቆ ሲገኝ በአጠገቡ ያለው የስበት ኃይል ምን ያህል እንደሚሆን አንባቢ ሊገምት ይችላል።

ጥንዶቹ በጣም ከተቀራረቡ የታመቀው አካል ከጓደኛው ላይ ጋዝ ይስባል። ይህ ጋዝ ግን እንደ ተወረወረ ድንጋይ በቀጥታ አይወድቅም። ጓደኛው ራሱ በመዞር ላይ ስለ ሆነ ጋዙ ወደ ጐን የሚሄድበትን ፍጥነት ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህም መሐሉን ስቶ በዙሪያው መሽከርከር ይጀምራል። ክረምት ላይ በዓባይ ውስጥ አዙሪት የተመለከተ ሰው ውሃው ወደ መሐል ከመግባቱ በፊት ብዙ ጊዜ እንደሚዞር ያውቃል። ጋዙም እንደዚሁ እየዞረ ይዘረጋና ስስና ሰፊ ክብ ነገር ይሆናል። ይህን ነገር የውጭ ሊቃውንት ዲስክ ይሉታል፤ እኛ መልኩን የሚመስል ዕቃ በየቤታችን ስላለን በዚህ ጽሑፍ ሰፌድ እንለዋለን። በሰፌዱ ውስጥ ወደ መሐል የቀረበው ጋዝ ከውጭው ይልቅ ይፈጥናል። ጐን ለጐን ያሉት ቀለበቶች ስለሚፋተጉ ጋዙ ይግላል፤ እየጋለም ቀስ በቀስ ወደ መሐል ይወርዳል። በመጨረሻ በኒውትሮን ኮከቡ ላይ ሲያርፍ ሙቀቱ ብዙ ሚሊዮን ዲግሪ ደርሶ የሚወጣው ብርሃን የኤክስ ጨረር ይሆናል።

ግኝቱ ከጎረቤት አገር ባሕር

የኤክስ ጨረር የምድርን አየር አልፎ ወደ መሬት አይደርስም። ከደብረ ማርቆስ በስተ ሰሜን ያለው የጮቄ ተራራ ከፍታው ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ ነገር ግን በጮቄ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው እንኳ ከዚህ ጨረር ምንም ሊያገኝ አይችልም። ስለዚህ መሣሪያው ከአየር በላይ መውጣት ነበረበት። ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራ ብቻ የተዘጋጀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት ሳን ማርኮ ከሚባለውና በኬንያ ጠረፍ በባሕር ላይ ከቆመው የጣሊያኖች መድረክ ተተኰሰች። ሥፍራው የተመረጠው ከምድር ወገብ አጠገብ ስለ ሆነ ነው፤ በዚያ የምድር መሽከርከር ለመወንጨፊያው ከሁሉ የበለጠ ፍጥነት ያበድረዋል። ዕለቱ የኬንያ ነጻነት የተገኘበት ሰባተኛ ዓመት ስለ ነበር ሳተላይቷ በስዋሂሊ ቋንቋ ነጻነት ማለት የሆነው «ኡሁሩ» የሚለው ስም ተሰጣት። የሥራው መሪ ሪካርዶ ጃኮኒ በዚህ መስክ ስላደረጉት አስተዋፅኦ በ2002 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ኡሁሩ ሄርኩለስ ኤክስ-1ን በተመለከተች ጊዜ ሦስት የተለያዩ ጊዜያት ተገኙ። አንደኛው 1.24 ሴኮንድ ነው፤ ይህም ኒውትሮን ኮከቡ በራሱ ዛቢያ አንድ ጊዜ የሚሽከረከርበት ነው። ሁለተኛው 1.7 ቀን ነው፤ ይህም ጥንዶቹ እርስ በርሳቸው የሚዞሩበት ሲሆን በየዙሩ ኒውትሮን ኮከቡ ለ6 ሰዓት ያህል በጓደኛው ጀርባ ይጋረዳል። ሦስተኛው በመግቢያችን ያነሣነው የ35 ቀን ዑደት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ለመረዳት አላስቸገረም፤ ሦስተኛው ግን ከሁለቱ ከአንዱም ጋር አልተዛመደም።

ከመሬት በመነጽር ሲፈለግ ጓደኛው ቀድሞ የታወቀ ኮከብ ሆኖ ተገኘ፤ ስሙም ኤች ዜድ ሄርኩለስ ነው። ክብደቱ ከፀሐይ 2.2 እጥፍ ያህል፥ የኒውትሮን ኮከቡ ደግሞ 1.5 እጥፍ ያህል ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት 6.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም ምድር ከፀሐይ ከምትርቀው ከሃያ እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ከእኛ ያላቸው ርቀት ግን 20,000 የብርሃን ዓመት ያህል ነው።

ኩራዙ ጠፍቶ ነው ወይስ ተጋርዶ?

አንድ ብርሃን በየጊዜው ብቅ ጥልቅ ሲል ሁለት ምክንያት ሊታሰብ ይችላል። ወይ ኩራዙ ራሱ እየጠፋ ይበራል፤ ወይ ኩራዙ ሳይጠፋ አንድ ነገር በእርሱና በእኛ መካከል እየገባ ይጋርደዋል። ሄርኩለስ ኤክስ-1 ከሁለቱ የትኛው ነው? ጥያቄው ትንሽ አይደለም። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ የሚመረመረው የጋዙ አመጣጥ ነው፤ ሁለተኛው እውነት ከሆነ ግን የሚመረመረው የጋራጁ ነገር ቅርፅና አካሄድ ነው።

ፍርዱን የሰጠው ጓደኛው ኮከብ ነው። ሌሊት በቤት ውስጥ ኩራዝ ተለኵሶ በፊቱ ሰፌድ ቢቆም ከሰፌዱ ማዶ የተቀመጠ ሰው ኩራዙን አያየውም፤ ነገር ግን በስተ ኋላ ያለው ግድግዳ በርቶ ስለሚያይ ኩራዙ እንዳልጠፋ ያውቃል። ኤች ዜድ ሄርኩለስም እንደዚህ ግድግዳ ነው። ወደ ኒውትሮን ኮከቡ የዞረው ፊቱ በኤክስ ጨረር ስለሚመታ ከሌላው ፊቱ እጅግ ይሞቃል። በመሆኑም በየ1.7 ቀኑ የጋለው ፊቱ ወደ እኛ ሲዞር ይደምቃል፥ ቀዝቃዛው ሲዞር ይደበዝዛል። የኤክስ ጨረሩ በማይታይበት ወቅት ይህ መድመቅና መደብዘዝ ቢቆም ኩራዙ ጠፍቷል ማለት በተቻለ ነበር። ነገር ግን አይቆምም። ኤክስ ጨረሩ ከእኛ በተሰወረባቸው ቀናት ሁሉ የጓደኛው ፊት እንደ ጋለ ነው። እንግዲህ ኩራዙ አልጠፋም፤ የተጋረደው ከእኛ ብቻ ነው።

በ1983፥ በ1993ና በ1999 ደግሞ ኤክስ ጨረሩ ከልማዱ ውጭ ለብዙ ጊዜ ደክሞ ቆየ። በእነዚያ ጊዜያትም የጓደኛው ፊት መብራቱን አላቋረጠም። በአንጻሩ ከኡሁሩ በፊት የተነሡ የቆዩ የሰማይ ፎቶግራፎች ሲመረመሩ ኤች ዜድ ሄርኩለስ ጨርሶ የማይለዋወጥባቸው ዓመታት እንደ ነበሩ ታወቀ፤ በእነዚያ ዓመታት ኩራዙ በእርግጥ ጠፍቶ ነበር ማለት ነው። ሁለቱም ነገሮች በተፈጥሮ አሉ፤ የ35 ቀኑ ዑደት ግን የመጋረድ እንጂ የመጥፋት አይደለም።

አሁን የሚጋርደው ነገር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይቀራል። በ1973 ጆናታን ካትዝ የተባሉት ሊቅ ሰፌዱ በጥንዶቹ ምሕዋር ልክ የተነጠፈ ሳይሆን አዘንብሎ የቆመ ቢሆን፥ የዘነበለበትም አቅጣጫ በ35 ቀን አንድ ጊዜ ቢዞር ነገሩ ሁሉ እንደሚፈታ አሳዩ። ያዘነበለ ሰፌድ ሲዞር አንድ ጊዜ የላይኛው ፊቱ፥ አንድ ጊዜ የታችኛው ፊቱ ወደ ተመልካቹ ይመጣል፤ በመካከሉም ሁለት ጊዜ ጠርዙ ብቻ ይታያል። ጠርዙ ወደ እኛ ሲዞር መሐል ያለውን ኮከብ ይሸፍነዋል። በአንድ ዑደት ሁለት ጊዜ መታየትና ሁለት ጊዜ መሰወር የኖረው ስለዚህ ነው። ሁለተኛው መታየት ከመጀመሪያው የደከመና ያጠረ መሆኑ ደግሞ ሰፌዱ ወጥ ጠፍጣፋ ሳይሆን ፀሐይ እንዳጐበጠው ሰፌድ የተጣመመ መሆኑን ያመለክታል።

ዘንጉን የሚያዞረው ኃይል

በጎጃም እንዝርት ያላየ ሰው አይገኝም። በብርቱ የተሽከረከረ እንዝርት መሬት ላይ ቢያርፍ ወዲያው አይወድቅም፤ ክብደቱ ወደ ጐን ሲጐትተው ዘንጉ በአየር ላይ ክብ እየሠራ ይዞራል። ይህ በውጭ ቋንቋ ፕሬሴሽን የሚባለው ነው፤ እኛ የዘንግ ዙር እንለዋለን። ደንቡ እንዲህ ነው፤ የሚሽከረከር ነገር ዘንጉን ሊያጋድል የሚፈልግ ኃይል ሲያገኘው ዘንጉ በኃይሉ አቅጣጫ አይወድቅም፥ ወደ ጐን ይዞራል እንጂ።

ምድራችንም ይህን ታደርጋለች። ምድር በወገቧ ትንሽ የሰፋች ስለ ሆነች ጨረቃና ፀሐይ ያንን ስፋት ይስቡታል፤ በዚህም ምክንያት የምድር ዘንግ በ26,000 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ይዞራል። ዛሬ ከደብረ ማርቆስ ሲታይ ከአድማስ በላይ 10 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ያለው የሰሜን ኮከብ ለዘለዓለም የሰሜን ምልክት ሆኖ አይኖርም።

ለሰፌዱ ግን ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ ጨረቃ ናት። የጨረቃ ምሕዋር ምድር በፀሐይ ዙሪያ ከምትሄድበት ጠለል 5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። ፀሐይ ይህን ያዘነበለ ምሕዋር ልታስተኛው ትስበዋለች፤ ምሕዋሩ ግን አይተኛም፥ የዘነበለበት አቅጣጫ በ18.6 ዓመት አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይዞራል እንጂ። ይህ ቍጥር በባሕረ ሐሳብ ንዑስ ቀመር ከሚባለው የ19 ዓመት ዑደት ጋር ሊምታታ አይገባም፤ ያ የጨረቃን መውጫ ቀን ከፀሐይ ዓመት ጋር የሚያስታርቅ ነው፤ ይህ ግን የምሕዋሩን ዝንባሌ የሚመለከት ነው።

ይህን ጊዜ በቀላል ስሌት ማግኘት ይቻላል። የሚስበው አካል አንድ ዙር የሚፈጅበትን ጊዜ እንውሰድ፤ ያንን ጊዜ ያዘነበለው ቀለበት አንድ ዙር በሚፈጅበት ጊዜ እናካፍለውና የተገኘውን በ4/3 እናብዛ። ውጤቱ የዘንጉ ዙር ስንት የሳቢውን ዙር እንደሚፈጅ ይነግረናል። ለጨረቃ ብናደርገው 365.25 ቀን ለ27.32 ቀን ሲካፈል 13.37 ይሆናል፤ ይህም በ4/3 ሲበዛ 17.8 ዓመት ይሰጠናል። እውነተኛው 18.6 ስለ ሆነ ስሌቱ ሸካራ ቢሆንም ከእውነቱ አልራቀም።

አሁን ይህንኑ ደንብ ወደ ሄርኩለስ ኤክስ-1 እናምጣው። የጋዝ ሰፌድ ማለት ብዙ ቀለበቶች አንዱ በሌላው ውስጥ የተደረደሩበት ነው፤ እያንዳንዱ ቀለበት እንደ ጨረቃ ምሕዋር ነው፥ ጓደኛው ኮከብም እንደ ፀሐይ ሆኖ ይስበዋል። ልዩነቱ በጨረቃ ነገር ፀሐይ ክብደቱን ሁሉ ለብቻዋ ልትይዝ ጥቂት ሲቀራት፥ በዚህ ግን ከጠቅላላው 3.7 የፀሐይ ክብደት ጓደኛው የያዘው 2.2ቱን ብቻ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ውጤቱን በ3.7 አብዝቶ ለ2.2 ማካፈል ያስፈልጋል። ከኒውትሮን ኮከቡ እስከ ጓደኛው ካለው ርቀት ሦስት ዐሥረኛውን የራቀ ቀለበት በ10 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ዙር ይፈጽማል፤ ዘንጉ ግን በ15 ቀን ያህል ይዞራል። ርቀቱ የዚያ እኩሌታ የሆነው ቀለበት ደግሞ ዘንጉ በ42 ቀን ገደማ ይዞራል። የታየው 35 ቀን በሁለቱ መካከል ወደቀ። ለሰፌዱ የተለየ አዲስ ኃይል ሳንፈጥርለት፥ የጨረቃን ምሕዋር የሚያዞረው ያው ኃይል የሳምንታት ዑደት እንደሚያወጣ በዚህ ይታወቃል።

ገና ያልተፈታው

ይሁን እንጂ ስሌቱ አንድ ችግር ይዞ መጥቷል። የውጭው ቀለበት በ15 ቀን፥ የውስጡ በ42 ቀን የሚዞሩ ከሆነ ሰፌዱ በጥቂት ዙር ውስጥ እንደ ተጨመቀ ልብስ ተጠማዞ ቅርፁ መጥፋት ነበረበት። ግን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አንድ ሆኖ ሲዞር ይታያል። በጋዙ ውስጥ የሚተላለፈው ግፊት አንዱ ቀለበት ለሌላው ጉልበት እያቀበለ ሁሉም በመካከለኛ ፍጥነት አብረው እንዲሄዱ ያደርጋቸዋል ተብሎ ይታሰባል። ይህም ቢሆን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ ፍትጊያው ውሎ አድሮ ዝንባሌውን ሊያስተኛው ይገባ ነበርና፥ ሰፌዱን አዘንብሎ የሚያኖረው ማን ነው?

ለዚህ ሁለት ዋና መልሶች ቀርበዋል። ፕሪንግል የተባሉት ሊቅ በ1996 እንዳሳዩት ከመሐሉ የሚወጣው ብርቱ ጨረር የተጣመመውን ሰፌድ ፊት ያግለዋል፤ የጋለውም ፊት ብርሃኑን መልሶ ሲለቅ ወደ ኋላ ይገፋል። መጣመሙ ትንሽ ቢሆን እንኳ ይህ ግፊት ያሳድገዋል። ዶንግ ላይ ደግሞ በ1999 የኒውትሮን ኮከቡ የማግኔት ኃይል የሰፌዱን ውስጠኛ ክፍል ሊያጋድለውና ሊያዞረው እንደሚችል አስረዱ።

በማግኔት በኩል ያለውን ነገር ስናነሣ የአገራችንን ሰው ሥራ ልንዘል አይገባንም። ሰሎሞን በላይ ተሰማ ከኡልፍ ቶርኬልሶን ጋር በ2010 «አስትሮኖሚ ኤንድ አስትሮፊዚክስ» በተባለው መጽሔት ላይ የማግኔት ኃይል ባላቸው ከዋክብት ዙሪያ ስላለው ስስ የጋዝ ሰፌድ ጥናት አሳትመዋል። በጥናታቸው ሰፌዱ የኮከቡን ማግኔት ብቻ የሚቀበል ሳይሆን በውስጡ የራሱን የማግኔት ኃይል ሊያመነጭ እንደሚችል፥ ይህም በኮከቡና በሰፌዱ መካከል የሚተላለፈውን የመጠምዘዝ ጉልበት እንደሚለውጠው አስልተዋል። ሥራው ስለ ዘንግ ዙር የተጻፈ አይደለም፤ ነገር ግን ማግኔት ሰፌዱን ያጋድለዋል የሚል ሰው መጀመሪያ ይህንኑ ጉልበት በትክክል ማወቅ ያስፈልገዋል።

የቅርቡ ምርምር ነገሩን ይበልጥ አወሳስቦታል። በ2021 መጨረሻ የተላከችው አይክስፔ የተባለችው ሳተላይት የኤክስ ጨረሩ ሞገድ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚርገበገብ ትለካለች። በ2024 የታተመው ውጤት እንደሚያመለክተው የኒውትሮን ኮከቡ የራሱ ዘንግም ሳይዞር አይቀርም፤ የምርምሩ ተካፋዮችም የ35 ቀኑን ሰዓት የሚጠብቀው ኮከቡ ራሱ ሊሆን ይችላል፥ ሰፌዱም እርሱን ይከተላል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። እንግዲህ የሚዞረው ሰፌድ መኖሩ አያጠራጥርም፤ ክርክሩ ከሰፌዱና ከኮከቡ መሪው ማን ነው የሚል ሆኗል።

ዘንጉን በብርሃን የሚጽፍ ኮከብ

ይህ የዘንግ ዙር በሄርኩለስ ኤክስ-1 ብቻ የሚገኝ አይደለም። ከሁሉ የሚደንቀው በንስር ኅብረ ኮከብ ያለው ኤስ ኤስ 433 ነው። ከሰፌዱ መሐል ሁለት የጋዝ ፍላጻዎች ወደ ላይና ወደ ታች ይወረወራሉ፤ ፍጥነታቸውም የብርሃንን ፍጥነት 26 ከመቶ ያህል፥ ማለት በሴኮንድ 78,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፍላጻዎቹ የሰፌዱን ዘንግ ስለሚከተሉ ሰፌዱ ሲዞር እነርሱም ከመካከለኛው መሥመር 20 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብለው በ162 ቀን ክብ ይሠራሉ። ወደ እኛ ሲመጡ የብርሃናቸው ቀለም ወደ ሰማያዊ፥ ሲርቁ ወደ ቀይ ይፈልሳል፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ዑደቱ የታወቀው ይህን ፍልሰት በየሌሊቱ በመመዝገብ ነው። ጥንዶቹ በ13.08 ቀን ይዞራሉ፤ ጓደኛው በየግማሽ ዙሩ ሰፌዱን ስለሚስበው ዘንጉ በየ6.28 ቀኑ ትንሽ ይነቀንቃል። ይህም ነቅናቄ የጓደኛውን መሳብ በቀጥታ የሚያሳይ ምስክር ነው።

ከጎጃም ደጋ ምን ሊሠራ ይችላል?

ከላይ እንዳየነው የተጋረደውን ኩራዝ ያጋለጠው ግድግዳው ነበር። የግድግዳው ብርሃን ደግሞ የኤክስ ጨረር ሳይሆን ማንም ከመሬት ላይ ሊለካው የሚችል ተራ ብርሃን ነው። ኤች ዜድ ሄርኩለስ በዓይን ብቻ አይታይም፤ ነገር ግን መስተዋቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ መነጽርና የፎቶግራፍ መቅረጫ ያለው ሰው ሊከታተለው ይችላል። በአዲስ አበባ እንጦጦ ላይ፥ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ሥፍራ፥ መስተዋታቸው 1 ሜትር የሆነ ሁለት መነጽሮች ተተክለዋል፤ ለዚህ ሥራ ከሚበቃው በላይ ናቸው።

ሥራው የሚጠይቀው ትልቅ መነጽር ሳይሆን ብዙ ሌሊት መሆኑን በቍጥር እናሳይ። በሚያዝያ አጋማሽ ኮከቡ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ በስተ ሰሜን 65 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፤ በአንድ ሌሊት ለ5 ሰዓት በደኅና ይታያል እንበል። የጥንዶቹ ዙር 1.7 ቀን ስለ ሆነ 10 ዙር ልክ 17 ሌሊት ይሞላል። ስለዚህ በየሌሊቱ ያንኑ ሰዓት የሚመለከት ሰው የሚያየው የዙሩን 17 የተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው። በ5 ሰዓት ከዙሩ 12 ከመቶ ያህል ይታያል። ሌሊቶቹን በየተራ ብንደረድራቸው ዙሩ ያለ ክፍተት የሚሸፈነው በ12ኛው ሌሊት ይሆናል፤ ይህም አንድም ሌሊት በደመና ካልጠፋ ነው። በ12 ሌሊት ውስጥ ግን ሰፌዱ የዑደቱን ሢሶ ዞሯል። የመጀመሪያውን ሌሊት ግድግዳ ያበራው ሰፌድና የመጨረሻውን ሌሊት ያበራው ሰፌድ አንድ አቋም የላቸውም፤ ስለዚህ አንድ መነጽር ብቻውን የሚያመጣው ሥዕል የተደባለቀ ነው።

መፍትሔው በተለያየ የምድር ክፍል ያሉ ተመልካቾች ሥራውን እየተቀባበሉ እንዲከታተሉት ነው። ጃፓን ሲነጋ ሕንድ፥ ሕንድ ሲነጋ ኢትዮጵያ፥ ኢትዮጵያ ሲነጋ የካናሪ ደሴቶች፥ ከዚያም አሜሪካ ቢከተሉ ዙሩ በሁለት ቀን ውስጥ ይሸፈናል። በዚህ ሰንሰለት የምሥራቅ አፍሪካ ቦታ በሕንድና በካናሪ ደሴቶች መካከል ያለውን ሰፊ ርቀት ለማገናኘት ይጠቅማል። ስለዚህ ከዚህ አገር የሚገኝ አንድ ደኅና ሌሊት ዋጋው የሚለካው በመነጽሩ ስፋት ሳይሆን ሰንሰለቱ እንዳይቋረጥ በማገዙ ነው።

ሁለት እንቅፋቶች ግን አሉ። አንደኛው ክረምት ነው። ኤች ዜድ ሄርኩለስ በእኩለ ሌሊት ከሁሉ ከፍ የሚለው በግንቦት መጨረሻ፥ ኤስ ኤስ 433 ደግሞ በሐምሌ መጀመሪያ ነው፤ ደመናው የሚበረታውም በዚሁ ወራት ነው። በዚህ ምክንያት ለመጀመሪያው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ንጋት፥ ለሁለተኛው ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ ያለው ምሽት ብቻ ይቀራል። በመስከረም ምሽት እንደ ገባ ኤስ ኤስ 433 በደብረ ማርቆስ ከራስ በላይ ሊደርስ 5 ዲግሪ ብቻ የጐደለው ሆኖ ይቆማል፤ ዝናቡ እንዳባራ አየሩ ከአቧራ የጠራ ስለሚሆን ይህ መልካም ጊዜ ነው። ሁለተኛው እንቅፋት የከተማ መብራት ነው፤ እንጦጦ በአዲስ አበባ ራስጌ ስለ ሆነ ከተማው በሰፋ ቍጥር ሰማዩ ይነጣል። ለትልቅ መመልከቻ የሚሆን ሥፍራ በላሊበላ አካባቢ ባሉ ተራሮች የተጠናውም ጨለማና ከፍታ በአንድነት ስለሚያስፈልጉ ነው። የጮቄና የአካባቢው ደጋም ሁለቱን ይዟል።

እንግዲህ ከእኛ ከተማሪዎች የሚጠበቀው የመጀመሪያ ሥራ መነጽር መለመን አይደለም። ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት በደብረ ማርቆስ፥ በቢቸናና በደጀን በየሌሊቱ አንድ ሰው ወጥቶ ሰማዩ በስንት ሰዓት እንደ ጠራና በስንት ሰዓት እንደ ተሸፈነ ቢመዘግብ፥ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ አስተማማኝ ሠንጠረዥ ይኖረናል። ለዚህ ወረቀት፥ እርሳስና ሰዓት ይበቃሉ። ተከታታይ የሆኑ 12 ጥርት ያሉ ሌሊቶች በየትኛው ወር እንደሚገኙ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያለው አገር መነጽሩ ሲመጣ የት እንደሚተክለው፥ በየትኛው ሳምንትም ሰንሰለቱን ከሕንድ እንደሚረከብ ያውቃል።